የተወለወሉት ቀለሃዎች

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ አባዬ» አለች ማሪት። «ለምን ወለወልካቸው?»

«ስለቆሸሹ።»

«ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆሽሸው አይደል የኖሩት? ‘የሚወለወል የሚሸጥ ነው’ ስትል እየሰማሁ አይደል ያደግኩት?»

ሃርላን ትቬት በመጋዘኑ ጥግ ካለው የሥራ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ፣ ንጹሑን የባሩድ መስፈሪያ በጨርቅ ይጠርጋል። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ለራሱ፣ ለልጁና ለጎረቤቱ ለዱዌን ኮልስታድ የተተኮሰ ቀለሃ እየሰበሰበ፣ አዲስ ማቀጣጠያ፣ ባሩድና አረር እየከተተ ጥይት ሲሞላ ኖሯል። የዱዌን ጠመንጃማ ያለ እሱ ተራ ብረት ነው። ከአባቱ የወረሰው ‘ሁለት ሃያ ሁለት’ የሚባለው የድሮ ዓይነት ነው፤ የከተማው ሱቅ ጥይቱን ማምጣት ካቆመ ቆይቷል።

ቀለሃ ደጋግሞ ሲተኮስ አንገቱ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሃርላን በየጊዜው ቀለሃዎቹን ውሃ ባለበት ትሪ ላይ ያቆማል፣ ቅላቱ እንዲታየው መብራቱን ያጠፋል፣ አንገታቸው እንዲለሰልስ በጋዝ ነበልባል ያሞቃል። ገና ቀላ ማለት ሲጀምሩ እየገፋ ውሃው ውስጥ ይጥላቸዋል። ከዘገየ ሙቀቱ ወደ ታች ይወርዳል። ታችኛው መቀመጫው የለሰለሰ ቀለሃ ደግሞ የባሩዱን ግፊት አይችልም፤ እሳቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወደ ተኳሹ ዓይን። ሙቀቱ የት ድረስ እንደወረደ የሚናገረው በቀለሃው ናስ ላይ የሚቀረው ሰማያዊ እድፍ ብቻ ነው። ያንን እድፍ ሃርላን እንደ ፊርማው ይኮራበት ነበር። ዘንድሮ አንድም የለም።

ማሪት ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ባዶ ቀለሃ አነሳች። እንደ ጌጥ ያበራል።

«አንገቱ ሲቀላ አይተኸዋል?»

«እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንቺ ገና...»

«አይተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ!»

«ደግሞ ሐኪም ሆንሽልኝ?»

«ሐኪሙማ ነግሮህ ነበር። የዓይንህ ሞራ ይገፈፍ ሲልህ ‘ላሞቼ ወልደው ይጨርሱ’ አልከው። ላሞቹ ከወለዱ ጥጃዎቹ ጎረመሱ።» ወደ መደርደሪያው ዞረች። «የተሞሉትስ? ቀዩ ሳጥን የት አለ?»

የሃርላን እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ።

«ዱዌን ጠዋት መጥቶ ወሰደው።»

ያን ጊዜ ከሰሜኑ ግጦሽ በኩል ነፋሱ የተኩስ ድምፅ ይዞ መጣ።

ፒክአፑን ማሪት ነዳችው። መሬቱ ዱዌን የሚያድናቸው የሜዳ ሽኮኮዎች የቆፈሩት ጉድጓድ ብቻ ነው፤ በጸደይ አንዲት ጊደር እዚሁ እግሯን ሰብራ በጥይት ገላግለዋታል። ሌላ ተኩስ ተሰማ።

«የሚተኩሰው ከድሮዎቹ ጥይቶች ሊሆን ይችላል» አለ ሃርላን። «ጥቂት ተርፎት ነበር።»

«ጥቂት ስንት ነው?»

አላወቀም። የግጦሹ አጥር በር ጋ ሲደርሱ ሊከፍት ወረደ። ሰንሰለቱን በዓይኑ ሳይሆን በጣቶቹ ሲፈልገው፣ ከምሰሶው ጀምሮ ሽቦውን ሲዳብስ፣ ማሪት በመኪናው የፊት መስታወት አየችው። ተመልሶ ሲገባ ሁለቱም ጆሯቸውን ጣሉ። ተኩሱ ቆሟል። ማሪት እግሯን የነዳጁ መርገጫ ላይ ጫነች።

ዱዌን ጉብታው ላይ፣ በታጣፊ ጠረጴዛው ተደግፎ፣ ጉንጩን ከሰደፉ አጣብቆ ተቀምጧል። አልተነቃነቀም። ማሪት በመስኮት ጮኸች፤ ነፋሱ ድምፅዋን ወደ ኋላ ወሰደው። ሃርላን እጁን በፊቷ ሰድዶ የመኪናውን ጥሩምባ ተጫነና አልለቀቀም። ሽኮኮዎቹ እያፏጩ ወደየጉድጓዳቸው ጠለቁ።

ዱዌን ቀና አለ። «አንተ ሽማግሌ! ስንት ያባበልኳቸውን በተንህብኝ እኮ!»

«ጣትህን ከምላጩ አንሳ!» አለ ሃርላን ገና ከመኪናው ሳይወርድ። «ክፈተው። ጥይቱን አውጣው።»

«ምን ሆናችኋል እናንተ?» እየሳቀ ከፍቶ አወጣው። «መክፈት ካልክስ፣ ቅድም የተኮስኩት ቀለሃ ነክሶ ያዘብኝ። በመዳፌ መትቼ ነው የከፈትኩት። አቧራ ገብቶበት ይሆናል።»

«የት አለ?»

ዱዌን ከሣሩ ውስጥ ፈልጎ ሰጠው። ሃርላን ወደ ዓይኑ አላስጠጋውም። አውራ ጣቱን በመቀመጫው ላይ አሳለፈ። መሃሉ ሰፍቶ በዚያ መኖር የነበረበት ማቀጣጠያ ወድቋል፤ ቦታው ባዶ ነው። ጣቱ ጥላሸት ይዞ ተመለሰ።

«አቧራ ነው አይደል?» አለ ዱዌን።

ማሪት ቀለሃውን ለማየት ጠጋ አለች።

«ስሠራቸው ውሃው አንሶ ነበር» አለ ሃርላን።

ቀለሃውን በጣቶቹ አዟዟረው።

«አይደለም። ውሃው ደህና ነበር። ሲቀሉ አላየኋቸውም። እድፉ እስከ ታች ወረደና... ወለወልኩት።»

ዱዌን በእጁ የያዘውን ጥይት እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እያወቅህ?»

«ግፊቱን ይችላሉ ብዬ ነበር።»

«ፊቴን እኮ ነው እዚህ የማስደግፈው፣ ሃርላን። ፊቴን።»

«አውቃለሁ።»

ማሪት ቀዩን ሳጥን ዘግታ ፒክአፑ የጭነት ክፍል ላይ ወረወረችውና የራሷን ጠመንጃ ከነጥይቶቹ ከመኪናው ይዛ መጣች። ዱዌን ጠመንጃዋንና ጥይቶቹን ተቀበላት። የጥይቱን ሳጥን ከፍቶ አንዱን አገላበጠ።

«የፋብሪካ ጥይት» አለ። «አባቴ ቢያየኝ...»

«አባትህ ዓይንህን ይመርጣል። ያኛው ቀላል አረር ነው፤ ለቅርቦቹ።»

«በዚህ ነፋስ? ቀላሉን እስከ ካናዳ ነው የሚወስደው። ከባዱን ስጪኝ።»

«ከባዱ ለዚህ ምን ያደርጋል? ዝሆን ልትገድል ነው? እዚያ አጥር ጋ ላሉት እንኳ ቀላሉ ይበቃል።»

«ስንት ጊዜ ነው እዚያ አጥር ጋ የሳትሽው? ልንገርሽ?»

«ስጠው ወዲህ፤ እኔው አሳይሃለሁ!»

ሃርላን የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ ከእንግዲህ እንደማያስፈልገው ሁሉ፣ ፒክአፑ ላይ ባለው ቀይ ሳጥን ላይ አኖረ። ከዚያ ጉድጓዶቹን በጫማው ጫፍ እየፈተሸ ወደ መጡበት በር ሄደ።

«ዝም በይ፣ ዝም በይ» አለ ዱዌን ጉንጩን ወደ ሰደፉ እያስጠጋ። «አንዱ ራሱን አወጣ።»

ማሪት ትንፋሿን ያዘች።