የሁለት ሰው ውሃ

ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአስር ነበር፤ ባለቤቴ ላስሚኒ ከሞተች አስራ ሁለተኛ ቀኗ። ጎረቤታችን ፓይናህ የጓሮውን በር ሳታንኳኳ ገባችና እርጥብ መዳፏን አፍንጫዬ ስር ዘረጋችው።

«ካንግ ዊርዮ፣ ገንዳህ ኩሽናዬ ላይ እየሸና ነው።»

«ካንግ» ወንድም ጋሼ ማለት ነው፤ ገንዳ ያለችው ደግሞ በመቅጃ እየቀዳን የምንታጠብበትን የመታጠቢያ ቤታችንን የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ሄጄ ሳየው በእሷ ቤት በኩል ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ሠላሳ አራት ዓመት ብስክሌት ጠግኛለሁ፤ የሚጠገነውንና የማይጠገነውን በጣቴ ዳስሼ እለያለሁ። ይሄ የማይጠገን ነው።

«ይፍረስ» አልኳት።

«ንዱክስ?»

ንዱክ ገንዳው ውስጥ የምትኖር ቀይ ዓሳ ናት። የቢምቢ ዕጭ እንድትለቅምልን ላስሚኒ ከስድስት ዓመት በፊት አመጣቻት፤ ያኔ ጣት ታህል ነበር፣ አሁን መዳፌን ታህላለች። ንዱክ ማለት «ልጄ» እንደማለት ነው። እኛ አልወለድንም፤ ላስሚኒ በዚህ ስም የጠራችው ሌላ ፍጡር የለም።

ጎንበስ ብለን አየናት። ክንፎቿን አጣብቃ ታች ተቀምጣለች። ከእሁድ ጀምሮ ሩዝም አልነካችም።

«እያዘነች ነው» አለች ፓይናህ፤ ድምፅዋ ወረደ። «እሷን ልትከተል ነው።»

ላስሚኒ ሆስፒታል በተኛችበት ሁለት ሳምንት እነዚህ እጆቼ ውሃ ከመያዝ ሌላ የሠሩላት ነገር አልነበረም። ይህችኛዋ ግን በእጅ ሥራ የምትድን ነች ብዬ አሰብኩ። እሷንም አልቀብርም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ጊያንቶ ጋ ሄድኩ። ከመንደሩ ዳር ስምንት ኩሬ ያለው ዓሳ አርቢ ነው፤ በልጅነቱ ብስክሌቱን ስጠግንለት ያደገ፤ «ፓክ» ይለኛል፣ አባባ እንደማለት ነው። ነገሩን ስነግረው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሳቀ።

«ፓክ ዊርዮ፣ ለአንዲት የገንዳ ዓሳ ነው? ከእሷ የሚያምሩ አስር እሰጥዎታለሁ፣ ይውሰዱ።»

«አስሩን ለራስህ። እኔ የምፈልገው እሷን ነው። አዝና ነው ይላሉ።»

«ዓሳ አያዝንም።» ከኩሬው ወጥቶ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ልጠይቅዎት፤ ከዚያ ገንዳ ስንት ሰው ይታጠብ ነበር?»

«ሁለት። እኔና ላስሚኒ።»

«በቀን?»

«ጠዋትና ማታ።»

«አሁንስ?»

«እኔ ብቻ ነኝ» አልኩ። ጊያንቶም አጎንብሶ መሬት መሬት አየ።

«አዩ፣ ዓሳ በምትኖርበት ውሃ ውስጥ ትሸናለች» አለ። «ሁለት ሰው ሲታጠብ ቆሻሻው እየተቀዳ ይወጣል፣ አዲስ ውሃ ይገባል። አሁን የሚወጣው ግማሹ ነው። የታመመችው በዚህ ነው። ገንዳውን ሲያጥቡ ደግሞ ግድግዳውን በሙሉ ፈትገውታል?»

«የሰሜኑ ሲቀር። ላስሚኒ እሱን በብሩሽ ነክታ አታውቅም። ሰነፍ እያልኩ ነበር የምስቅባት።»

«ሰነፍ አልነበሩም። እዚያ ሙልጭልጭ ነገር ላይ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት አሉ፤ የዓሳውን ሽንት የሚበሉት እነሱ ናቸው። እሳቸው ሳያውቁትም ቢሆን ማጣሪያ ሠርተው ነበር።»

ቤቴ ገብቼ ያለፈውን ወር የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ገለበጥኩና የመስታወት የዓሳ ቤት መሣል ጀመርኩ። ዓሳ በመስታወት ውስጥ አኑሬ አላውቅም። ግን ውሃ ከየት እንደሚያመልጥ ዐውቃለሁ፤ ሥራዬም እሱ ነበር። የመጀመሪያውን ንድፍ ለጊያንቶ ወስጄ ሳሳየው ወረቀቱን አዘቀዘቀው።

«ይሄ የዓሳ ቤት ነው ወይስ የስልክ ዳስ?»

ቁመቱን አብዝቼው ኖሯል። ውሃ ከፍ ባለ ቁጥር መስታወቱን እንደሚገፋ፣ ዓሳም የምትፈልገው ጥልቀት ሳይሆን ስፋት እንደሆነ ነገረኝ። አንድ ሜትር በአርባ ሳንቲ፣ ቁመቱም አርባ አደረግነው። መስታወት ቤቱ ቆረጠልኝ፤ በሲሊኮን ያጣበቅኩት ግን ራሴ ነኝ። አምስት ቀን አድርቄ ጓሮ ውስጥ በጋዜጣ ላይ አስቀመጥኩና ሞላሁት። በግራ በኩል ጋዜጣው ጥቁር ነጥብ አወጣ። አልደነገጥኩም። ውሃውን ደፍቼ፣ ያንን ጥግ በምላጭ ልጬ፣ እንደገና ለጠፍኩት። በሁለተኛው ሙከራ ጋዜጣው እስከ ማግሥቱ ደረቅ ሆኖ አደረ። ሳሎን ውስጥ የሲሚንቶ ብሎኬት ደረደርኩለትና መስታወቱ እንዳይጎረብጠው ከስሩ አሮጌ ካላማዳሪያ ቀድጄ አነጠፍኩ።

ማጣሪያውን የሠራሁት ላስሚኒ ክሩፑክ የሚባል ደረቅ የተጠበሰ ቂጣ ትሸጥባቸው ከነበሩት ሦስት ትልልቅ የፕላስቲክ ጣሳዎች ነው። ቂጣቸውን በጋለ ምስማር በሳስቼ አንዱን በአንዱ ላይ ደራረብኳቸው። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ከታች ወደ ላይ ታወጣለች። በላይኛው ጣሳ ያለው ጥጥ ጉድፉን ይይዛል፤ ከዚያ ውሃው በመካከለኛው በተሰባበረ የጣሪያ ሸክላ፣ በታችኛው ከወንዝ ዳር በለቀምኩት ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ እየተንጠባጠበ ይመለሳል። ክዳኖቹ ላይ የላስሚኒ የእጅ ጽሑፍ አለ፤ «ሽንኩርት»፣ «ዓሳ»፣ «የሚያቃጥል»። አልፋቅኩትም።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ንዱክ ገንዳው ውስጥ መቆየት ነበረባት። ስንጥቁን በካላማዳሪያ ቁራጭና በማስቲሽ ለጊዜው ደፈንኩትና በቀን አራት ጊዜ መታጠብ ጀመርኩ፤ ሁለቴ ለእኔ፣ ሁለቴ ለላስሚኒ። ፓይናህ በግድግዳው ማዶ የውሃውን ድምፅ እየሰማች አላስቀመጠችኝም።

«ካንግ! ሌላ ልታገባ ነው እንዴ?»

«አንቺን አይደለም!»

«ተመስገን! የእኔው አንዱ ሽማግሌ ይበቃኛል!»

በአራተኛው ቀን ንዱክ ሩዝ በላች።

በሃያ ሰባተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከሰሜኑ ግድግዳ ጡብ የሚያክል ቁራጭ ከነአረንጓዴው ፈልቅቄ መስታወቱ ውስጥ አስገባሁ፤ እሷንም አስከተልኩ። ቁራጩን አወቀችው፤ ወዲያው አፏን ለጥፋ ትግጠው ጀመር። ቅዳሜ ገንዳውን አፈረስኩ። ከዚያ ወዲህ ከባልዲ ነው የምታጠበው። በሳምንት ሸክላዎቹ ቡናማ ሆኑ፤ ውሃው ግን እንደ መስታወቱ ጥርት ያለ ነበር። ኮራሁ፤ አልደብቅም።

የአርባዋ ዕለት ረቡዕ ነው፤ ዱዓው የሚደረገው በዋዜማው፣ ማክሰኞ ከመግሪብ በኋላ። ማክሰኞ ጠዋት የሰፈሩ ሴቶች እንደ ልማዳችን ሊያበስሉ መጡ፤ ፓይናህ አለቃቸው። እኔን ከቤት አስወጡኝ፤ ወንድ በየቤቱ እየዞረ ይጠራል፣ ሴቶቹ ቤቱን ይይዛሉ።

ከቀትር በኋላ ስመለስ ቤቱ አንጸባረቀ። ወለሉ፣ መስኮቱ፣ የብስክሌት ዕቃ መደርደሪያዬ ሳይቀር። ጣሳዎቹም። ሸክላዎቹ ዛሬ ከምድጃ የወጡ መስለዋል። መስታወቱ ውስጥ ንዱክ ብቻዋን ትዋኛለች፤ የግድግዳው ቁራጭ የለም።

ፓይናህ ከኩሽና እጇን እየጠረገች ወጣች።

«ደነገጥክ አይደል? እንግዳ መጥቶ ሦስት ጣሳ አተላ ሳሎን ተገትሮ ሲያይ ላስሚኒን ምን ይላታል? በሳሙና ፈትገን፣ በፈላ ውሃ አለቅልቀን አስቀመጥንልህ። ስድስት ሆነን!»

«ድንጋዩስ? ውስጥ የነበረው?»

«እሱ ፍርስራሽ? እሳቱ ላይ የሩዙ ድስት ሲወላገድ ከስሩ ሸጎጥነው። ልክክ አለ።»

ከኋላዋ አምስት ሴቶች እጃቸው በሳሙና ተሸብሽቦ ፈገግ ብለው ቆመዋል። ከእነሱ ሁለቱ ላስሚኒን ያጠቡና የገነዙ ናቸው።

«እጃችሁ ይባረክ» አልኩ።

ማታ ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተን ያሲን ሲቀራ የጊያንቶ ዓይን ከታጠቡት ጣሳዎች አልነቀል አለ። ዱዓው አልቆ የአፔም ቂጣው ሲታደል ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ነፍሳቱን ማን ነው የገደላቸው?»

«ወዳጆቼ። ስንት ቀን አላት?»

«በሦስተኛው ቀን ውሃው መርዝ ይሆናል። ያ ሸክላ እንደገና ነፍስ ሲዘራ ለማየት ወር ያስፈልጋል። ነፍሳቱ ያሉበትን ጥጥ ከእኔ እንዳልሰጥዎት ኩሬዎቼ በሙሉ ነጭ ነጠብጣብ የሚባል በሽታ ገብቶባቸዋል። እንኳን እሷን ወደዚያ መውሰድ፣ ከእኔ ቤት ጠብታ እንዳያስገቡ።» ከንፈሩን ነከሰ። «ፓክ፣ የሚቻለውን አድርገዋል።»

«ገና አላደረግኩም» አልኩት። «ማጣሪያ ሳይኖራት ስድስት ዓመት ያኖራት ምንድን ነው? ሁለት ሰው መታጠቡ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም? እንግዲህ እንደዚያው ይቀዳላታል። ሰው አንዴ ሲታጠብ ሃያ መቅጃ ይጨርሳል፤ ቆጥሬዋለሁ። ጠዋት አርባ ይወጣል፣ አርባ ይገባል። ማታም እንዲሁ።»

ጊያንቶ በጣቱ አሰበ። «የውሃው ግማሽ በየቀኑ... ለአንድ ወር? ወገብዎ እንዴት ይችላል?»

«ወገቤ የእኔ ጉዳይ ነው።»

ፓይናህ ትሪ ይዛ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። ቂጣውን ሳታድል ትሪውን ይዛ ወጣች። ያ ብቻውን ሊያስገርመኝ ይገባ ነበር።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በጓሮ ወጣሁ። ፓይናህ ከጉድጓዷ የቀዳችውን ሁለት ባልዲ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል።

«ጊያንቶ ነገረኝ» አለች። «ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ብቆጣሽ ሸክላው ይቆሽሻል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሳቄን አታምጣብኝ።» አፍንጫዋን በትከሻዋ ጠረገች። «መቅጃው አንድ ነው?»

«ሁለት ነው። ሰማያዊው የሷ ነበር።»

«ስጠኝ። ሃያው የአንተ፣ ሃያው የላስሚኒ። የሷን እኔ እቀዳለሁ።»

እንደዚያ ሆነ። እኔ በእኔ መቅጃ ሃያ አወጣለሁ፣ እሷ በሰማያዊው ሃያ። ከዚያ የጉድጓዱን ውሃ በቀስታ እንመልሳለን። የወጣውን በርበሬዋ ላይ ትደፋዋለች። መጀመሪያ አካባቢ ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር፤ አስራ ሰባት ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ይጠፋባታል፣ እኔ አስታውሳታለሁ።

ዓርብ ንዱክ ላይ ወጥታ አየር ትውጥ ጀመር፤ የጅራቷም ጠርዝ ደም መሰለ። ፓይናህ መቅጃውን ይዛ ደርቃ ቀረች። «ቀኑን አንድ ዙር እንጨምራለን» አልኳት። ቀትር ላይም አርባ ጨመርን። ምግቧን አቆምኩ። ቅዳሜ እንደዚያው ነበረች። እሁድ ማታ ወደ ታች ወረደች፤ ሰኞ ጠዋት መቅጃዬን ልትበላ መጣች።

በሦስተኛው ሳምንት ከሸክላዎቹ አንዱ ጠርዙ ላይ ሻይ የነካው መሰለ። በአምስተኛው ጊያንቶ መጥቶ እጁን ከተተ፣ አንዱን አውጥቶ በአውራ ጣቱ አሸው፤ አዳለጠው።

«ነፍሳቱ ደርሰዋል» አለ። «አሁን በሳምንት አንዴ ይበቃታል።»

«ሰማሽ፣ ፓይናህ? ነፃ ወጣሽ።»

«ማን ነው ያለው?» አለች። «በርበሬዬስ?»

በላስሚኒ መቶኛ ቀን ሴቶቹ ለማብሰል ሲመጡ የላይኛው ጣሳ ላይ ካርቶን ተንጠልጥሎ አገኙ፤ ጽሑፉ የፓይናህ ነው። «ይህን ያጠበ ሩዝ አይሰጠውም» ይላል። አምስቱም አንብበው ሳቁ፤ የነካው የለም።

ንዱክ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ከሁለት ወር ኖረች።