ሰው አልባው ደሴት ላይ ያለው ሰው

አንድ ራሰ በራ ድንጋይ የማን እንደሆነ እስኪለይ ስንት ሰው በውሃ ጥም ይሙት? እስቲ ንገሩኝ!

ደሳለች ይህን የሚነግራት አላገኘችም። የታናሽ ወንድሟ የኢስሐቅ የጭነት ጀልባ ሰጥማ፣ እሱና ሦስት ባልደረቦቹ ዋኝተው አንዲት ደሴት ላይ ወጥተዋል። ሰው አይኖርባትም። ሁለት ጎረቤት አገሮች ግን «የእኔ ናት» እያሉ ይፋጠጡባታል፤ የአንዱ ጀልባ ሊያነሳቸው ሲጠጋ ሌላው መድፉን ያዞርበታል።

«እታለም፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ባተረፍኩት ስልክ የሁለቱም አገር ቴሌ ‹እንኳን ወደ አገራችን በደህና መጡ› ብለውኛል» ብሎ ቀለደባት ኢስሐቅ በሁለተኛው ቀን። «ውሃ ይዞ የመጣ ግን የለም።»

ደሳለች ከእጽዋት ማዕከሉ የችግኝ ሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ፣ ቁስቋም መውረጃ ላይ ማመልከቻ ወደሚጽፈው ወደ ፊሊሞን ሮጠች። ያስጻፈችውን ይዛ ስትሄድ የአንደኛው አገር ኤምባሲ «ደሴቱን እኛ በምንጠራው ስም ጥሪውና አመልክቺ» አላት። ጠራች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሁለተኛውም እንደዚያው አለ። ለእሱም በእሱ ስም ጠራችለት። ወንድሟ ይውጣ እንጂ የሰይጣን ደሴት በይ ቢሏትም ትፈርም ነበር።

በማግስቱ አንደኛው ማመልከቻዋን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ «የውጭ ዜጋ እንኳ የእኛ መሆኑን መሰከረች!» ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውም የራሱን ለጠፈ። ከዚያ ሁለቱም ተጨማሪ የጦር ጀልባ ላኩ።

«በገዛ ፊርማዬ አጠርኩበት፣ ፊሌ!»

«አንቺ ምን አጠፋሽ! የሚያፍሩስ እነሱ ነበሩ፣ ማፈር ቢያውቁ።» ፊሊሞን ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበ። «ሌላ እንጻፍ። ደሴቱን ምን ልበለው?»

«ስም አትስጠው። ወንድሜ የተቀመጠበት ድንጋይ በለው።»

«በዚህ ስም የተመዘገበ ቦታ የለም» አላት የአንደኛው ኤምባሲ ጸሐፊ። የሁለተኛው ባሰ። «እመቤት፣ ደሴቱ እኮ ሰው አልባ ነው» ብሎ ወረቀቱን መለሰላት።

ዛሬ ጠዋት ከኢስሐቅ አጭር መልእክት ገባ፦ «ዝናብ ካልጣለ እስከ ነገ አንቆይም። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው።»

ደሳለች ማመልከቻዋን ካርቶን ላይ በትልቁ አስጽፋ፣ ኤምባሲዎቹ በሚተያዩበት መንገድ ቆመች። የአንዱ ጥበቃ «ከእኛ በር ፈቀቅ በይ!» አላት። ፈቀቅ ስትል የሌላው በር ሆነ፤ እሱም አባረራት። መሃል አስፋልት ላይ ቀረች። መኪኖች ጡሩምባቸውን ለቀቁባት፤ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻት ጀመር።

«አልነቃነቅም!» አለች። «እናንተ አምባሳደሮች፣ ሁለታችሁም ውጡ! ቢሮ ጠርታችሁ በጆሮዬ አይደለም፣ እዚሁ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት መልሱልኝ፤ ደሴቱ ሰው አልባ ከሆነ ኢስሐቅ ምንድን ነው?»