ያሁኑን ነው የድሮውን?

እማማ ሉሴት የቤታቸውን ቁልፍ ለሙዚየሙ ሲሰጡ አንድ አደራ ብቻ አሉ፤ «ደጃፌ ላይ አኑሩልኝ።»

የፈረንሳይዋ የለሃቭር ወደብ ከተማ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ የነደደችበት ሰማንያኛ ዓመት ሊታሰብ ነበር። ቲቦ የሚባል ወጣት ሠዓሊ በዘመናዊው ሥነ ጥበብ ሙዚየም ወለል ላይ የዛሬዋን ከተማ ካርታ በነጭ ቀለም ሥሎ፣ በቦምቡ የፈረሱትን ቤቶች ቁልፍ ከየባለቤቱ እየለመነ በየቦታው ያኖር ነበር። የእማማ ሉሴትንም ቁልፍ ገመድ ሠሪዎች በሚባለው ጎዳና፣ ቁጥር ዘጠኝ ላይ አኖረው።

በመክፈቻው ዋዜማ መጥተው አዩት። በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ።

«ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የእርስዎ ነዋ፣ እማማ! ገመድ ሠሪዎች፣ ዘጠኝ።»

«ይሄማ የጥርስ ሐኪሙ ቤት ነው። ጥርስ የለኝ፣ እዚያ ገብቼ ምን ላደርግ?»

ቲቦ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ በገዛ ፍርስራሿ ላይ ስትሠራ፣ አንዳንዱ ጎዳና ስሙን ይዞ ቦታውን ለቋል። ያገሬው ሽማግሌ ዛሬም መንገድ ሲጠየቅ «ያሁኑን ነው የድሮውን?» ይላል። ቲቦ ግን አልጠየቀም።

እማማ ሉሴት ከጥፋቱ የተረፈውን ካቴድራል ካርታው ላይ ፈለጉ። ከዚያ ተነሥተው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ በከዘራቸው እየለኩ ሄዱ። ሰፊው ጎዳና መሃል ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ አስፋልት ነው። ቤት የለም።»

«እኔን ገጠር አክስቴ ጋ ስትልከኝ፣ እናቴ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰረችው። ‹ስትመለሺ ባታገኚኝ ራስሽ ከፍተሽ ግቢ› ብላ። ሰባት ዓመቴ ነበር። እሷና ወንድሜ ምድር ቤቱ ውስጥ ቀሩ። አንተ አስፋልት ትለኛለህ?»

ቲቦ አንገቱን አከከ። «ሰው ይረግጠዋል ብዬ ነው።»

«ሰማንያ ዓመት ሲረግጣቸው ኖሮ የለ? አሁን እንኳ እያየ ይለፍ።»

ቲቦ ቁልፉን ከጥርስ ሐኪሙ ቤት ላይ አነሣና ጎዳናው መሃል ተንበረከከ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አሉ እማማ ሉሴት። «በሩ በዚያ በኩል ነበር።»

በማግሥቱ አዳራሹ ሞላ። ሰዉ ባዶ መስሎት በነጩ ጎዳና መሃል ይመጣል፤ ቁልፉ ጋ ሲደርስ ይቆምና ዞሮ ያልፋል። እማማ ሉሴት ወንበር አስመጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።