ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱ

ሳይማር ተምሬያለሁ የሚል ሰው በሞላበት አገር፣ ረድኤት ተምራ አልተማርኩም አለች። አይፈረድባትም። ወልቂጤ ላይ አራት ዓመት ሙሉ የምግብ ሳይንስ አጥንታ በማዕረግ ተመርቃለች። ከዚያ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ስትፈልግ ኖረች። አልፎ አልፎ አንድ ይገኛል፤ ሄዳ ስትመዘገብ ከፊቷ ሦስት መቶ ሰው ተሰልፏል።

አንድ ቀን አክስቷ እቴነሽ ከቡታጅራ ደወለችላት። እቴነሽ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ የከተማውን አስፋልት የምትጠርግ፣ ከሴፍቲኔት በምታገኘው ድጋፍ የምትኖር ሴት ናት።

«ለእኛ ቢጤ ቤተሰብ ልጆች የሥራ ልምምድ መጥቷል። ስድስት ወር፣ እየተከፈለሽ። ጥሩ ከሠራሽ እዚያው ይቀጥሩሻል። ግን ዲግሪ ያለውን አይወስዱም» አለቻት።

«ታዲያ እኔን እንዴት ይወስዱኛል?»

«ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥሽ ነሽ። እኔ ጋ ነው ያደግሽው እላለሁ። እኔው እፈርማለሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ብቻ ከታወቀ እኔንም ከድጋፉ ይሰርዙኛል። አደራ።»

የደረሳት ቦታ ወደ መስቃን ገጠር በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለው የጋሽ ሰይዶ የበርበሬ ማዘጋጃ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ ከረጢት ላይ ቁጭ ብሎ ከበርበሬው ውስጥ እንጨቱንና የሻገተውን መልቀም። የመጀመሪያውን ሳምንት ስታስነጥስና ስታለቅስ ከረመች። ከዚያ አፍንጫዋም ዓይኗም ለመዱት፤ ሌላው ነገሯም አብሮ ደነዘዘ። ሥራው አላስጠላትም፣ አላስደሰታትምም። ጠዋት ትገባለች፣ ማታ ትወጣለች። በቃ።

በሦስተኛው ወር አንድ ነጋዴ አርባ ከረጢት ይዞ መጣ። የእርጥበት መለኪያው ደረቅ ነው አለ፤ ተመዝኖ ሊገባ ነው። ረድኤት በአጠገቡ ስታልፍ እጇን አንዱ ከረጢት ውስጥ ከታ አንድ ፍሬ ሰበረች።

«ይሄ ውሃ ተርከፍክፎበታል፤ ከላይ ብቻ ነው ደረቅ የሞሉት። ገልብጡት» አለች።

ሲገለበጥ ሥሩ ርሶ መሻገት ጀምሯል። ነጋዴው ጭነቱን መለሰ። ጋሽ ሰይዶ ጢማቸውን እያሻሹ አዩዋት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ቤት በርበሬ እናደርቃለን።»

ከዚያ ወዲህ እሷ ሳታየው አንድ ከረጢት መጋዘን አይገባም።

ልምምዱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ገዢ መጣና ዲግሪ ያለው ጥራት ተቆጣጣሪ ካልቀጠሩ ውል አልገባም አለ። ጋሽ ሰይዶ ከዚህ በፊት አንድ ቀጥረው ነበር። ማስረጃው ፎርጅድ ሆኖ ተገኘና ልጁ ታሰረ፤ እሳቸውም ምስክር ተብለው ሦስት ጊዜ ፍርድ ቤት ተመላለሱ። ከዚያ ወዲህ ማህተም ሲያዩ ያማቸዋል።

«አንቺ ተምረሽ ቢሆን ኖሮ፣ ወላሂ ሌላ ሰው አልፈልግም ነበር» አሏት።

ረድኤት ሦስት ቀን አሰበችበት። ጋሽ ሰይዶ ይወዷታል። እውነቱን ብትነግራቸው በሁለታቸው መካከል ይቀራል፤ እሳቸው የሚፈልጉትን ሰው፣ እሷም የምትፈልገውን ሥራ ያገኛሉ። እሁድ ሚኒባስ ይዛ በአገና በኩል ወልቂጤ ገባች። እናቷ ማስተዋል ከሣጥኑ ሥር ዲግሪውን አውጥታ፣ ፕላስቲኩን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት።

«ተገኘ እንዴ?»

«ልሞክር ነው።»

የማስተዋል ፊት ፈካ። ረድኤትም ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ብትጠብቀውም አልመጣላትም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጋሽ ሰይዶ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። ተነስተው በሩን ዘጉ።

«ከየት አመጣሽው?»

«የራሴ ነው፣ ጋሼ። ተምሬ ያገኘሁት ነው። ልምምዱን እንዳላጣ ብዬ ነው የደበቅሁት።»

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሰው እንደሚያሳስር ታውቂያለሽ?»

«እውነተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲው ጋ ደውለው ይጠይቁ።»

ጋሽ ሰይዶ ከመሳቢያ ፋይሏን አወጡ። ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች ይላል። ከሥሩ የእቴነሽ ፊርማ፣ ከጎኑ የቀበሌው ማህተም አለ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጓቸው።

«እሺ፣ እደውላለሁ። ግን ይሄኛው እውነት ከሆነ ያኛው ሐሰት ነው። የፋይሉ ሐሰት ከሆነ ደግሞ ለልምምድ ለላኩሽ ሰዎች መንገር አለብኝ። ሸሽጌ ነገ ለማንም ብዬ ፍርድ ቤት አልቆምም።» ፊርማው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይቺ አስፋልት የምትጠርገዋ አክስትሽ ናት?»

«አዎ።»

«የቱ ነው ውሸቱ?»

ክፉ ሰው አይደሉም። የምትመልሰውን ፈርተው ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ረድኤት የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ እንባ የሚባል ነገር አልነበረም። እቴነሽን አሰበች። በዚህ ሰዓት እየጠረገች መናኸሪያው ጋ ደርሳ ይሆናል።

«ዲግሪው ነው» አለች።

ጋሽ ሰይዶ በረጅሙ ተነፈሱ። «አልሐምዱሊላህ። እውነቱን ስለነገርሽኝ አላህ ይስጥሽ። እኔ አላየሁም፣ አንቺም አላሳየሽኝም።» ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አውጥተው አራት ቦታ ቀደዱትና ቁርጥራጩን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «እኔ ራሴ አቃጥለዋለሁ። አንቺ በለቃሚነት ትቀጥያለሽ፤ ማንም አያስወጣሽም። አዲሱ ተቆጣጣሪ ሲመጣም ሥራውን ታሳዪዋለሽ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

በሩን ልትከፍት ስትል ጠሯት። ድምፃቸው ውስጥ የአባት እዝነት አለ።

«ለመሆኑ እነዚያ ሌቦች ለዚህ ወረቀት ስንት ተቀበሉሽ?»

እናቷ ማስተዋል አራት ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ ቁጭ ብላ ቆጮ ሸጣለች።

«ብዙ አይደለም» አለቻቸው።