በድንጋዩ ውስጥ የቀረ ውሃ

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ከእንጦጦ የወረደው ጉም ገና ከየካ ሚካኤል ጣሪያዎች ላይ አልተነሣም።

አፀደ በረንዳው ላይ ቆማ ድንጋዮቹን ቆጠረች። ባሏ ተክለብርሃን ከመጨረሻው የመስክ ጉዞው፣ ከወለጋ፣ ሃያ አምጥቶ በተርታ ደርድሯቸው ነበር። አሥራ ሰባተኛው የለም። እሱ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነው፤ የለቅሶው ድንኳን ትናንት ተነሥቷል። ሁለቱም የሥነ ምድር ባለሙያዎች ነበሩ። ሳይጨርሰው የሄደው ጥናት አንድ ልኬት ብቻ ይቀረዋል፤ የሚለካውም ያ ድንጋይ ነው።

ድንጋዩ ጥቁር ነው፤ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነጭ ሥር እንደ መሥመር መሐሉን ያቋርጠዋል። ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ በምድር ጥልቅ ውስጥ፣ ትኩስ ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ አለፈ። ያገኘውን ማዕድን አሟሟ፤ ሌላ ማዕድን ተከለ፤ ግራና ቀኙን ለወጠ። ከዚያ ሄደ። ዓይን የማያያቸው ጠብታዎች ብቻ ኳርትዙ ውስጥ ተዘግተው ቀሩ። ተክለብርሃን ውሃው ከየት እንደ መጣ ሊያውቅ የሚችለው ከእነሱ ነበር።

የዕድሩ ወጥ ሠሪ እማማ ለተጊዮርጊስ ግቢውን ይጠርጋሉ።

«እማማ፣ ነጭ መሥመር ያለበት ድንጋይ አይተዋል?»

«ያ ጠፍጣፋው? ጉልቻ አደረግነው እንጂ! በዚህ ዝናብ ሌላው ድንጋይ ሁሉ ርሶ፤ ርጥብ ጉልቻ ደግሞ እሳት ሲነካው ፈንድቶ ዓይን ያጠፋል። የተክልዬ ደረቅ ነበር።» ትንሽ ሣቁ። «ሲያመጣቸው ‹ወርቁስ?› እያልኩ አበሽቀው ነበር። ይኸው ለራሱ ለቅሶ ጠቀመ።»

«ስንት ቀን ነደደበት?»

«ሦስቱንም ቀን። ምነው አፀድዬ፣ አጠፋን እንዴ?»

«አይ፣ እማማ።»

ከዐመዱ ውስጥ አወጣችው። አንድ ጎኑ ጥላሸት ለብሷል፤ በሌላው ጎን ሥሩ ነጭ እንደ ሆነ ነው። በፌስታል ይዛ፣ ታክሲ ተሳፍራ፣ ወደ መሥሪያ ቤቷ ቤተ ሙከራ ሄደች።

ከእሳቱ የራቀውን ጎን መርጣ በመጋዙ ቆረጠች። ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፋቀችው። ስልኳ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አላነሣችም።

ቁራጩን ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠች። ጠብታው ሳይወጣ የቀረበት ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ አረፋ ትታያለች። አረፋዋን ፈለገች። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ዙሪያ፣ ውሃው በእሳቱ ግሎ ያፈነዳቸው ቀጫጭን ስንጥቆች ወጥተዋል።

ዘጠና አንድ ጉድጓድ ቆጠረች። ሁሉም ባዶ ነበሩ።