በክር የታሰረ ዘለላ

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ላይ ወጥታ ትልቁን የወይን ዘለላ ልትቆርጥ ስትጨብጠው ጣቶቿ ወደ ውስጥ ሰመጡ። ከሩቅ ዓይን የሚያስጎመጀው ወይን ከውስጥ በስብሶ ኖሯል። ፍሬው በመዳፏ ፈርጦ ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ እስከ ክርኗ ወረደ፤ የሻገተ፣ የኮመጠጠ ሽታ አፍንጫዋን መታት። ዝንቡ ግር ብሎ ተነሣና መልሶ ሰፈረ። ቅጠሉም ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ሻጋታ ለብሷል።

"እሰይ፣ ደግ አደረገኝ!" አለች እጇን ከቀሚሷ አርቃ። "ሲመርጥ ዝም ያልኩት እኔ!"

ችግኙን ሊገዙ ሲሄዱ ሻጩ ሁለት ዓይነት ወይን አቅርቦላቸው ነበር። አንደኛው ፍሬው ደቃቅና ጥቁር፣ በሽታ የማይደፍረው፤ ሌላው ዘለላው የሕፃን ራስ የሚያህል። "ግቢያችሁ በግንብ የታፈነ ከሆነ ትልቁ አይሆናችሁም፤ አየር ካላገኘ ይሻግታል" ብሎ በግልጽ ነግሯቸዋል። ባሏ ግን፣ ሰፈሩ "መላ አያጣም" የሚለው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር፣ "ደቃቁን ለወፍ ልትከል? እንግዳ ሲመጣ ምን ይታያል?" ብሎ ትልቁን አስጭኖ መጣ።

እንግዳዋ ደግሞ የሚመጡት ዛሬ ነው። ልጃቸው የምታገባው ልጅ እናት፣ በሙያቸው ነርስ የሆኑት ሴት፣ ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ይመጣሉ። ባሏ በስልክ ስለ ወይኑ ሲያወራላቸው ነው የሰነበተው።

"ና፣ የራስህን ጉድ እይ!" ስትል ጠራችው።

ወይኑን አየ፣ የተጨማለቀ እጇን አየ። "ታጠቢ፤ መላ አለው" ብሎ ወጣ።

ሳሎኑን አሰናድታ ወደ ግቢ ብቅ ስትል ባሏ ወንበሩ ላይ ቆሟል። የበሰበሰውን ለቅሞ አጥሩ ጥግ ከምሮታል፤ ከገበያ የገዛውን ወይን በልብስ መስፊያ ክሯ ከሐረጉ ጋር እያሰረ ነው።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል። ክሩ አረንጓዴ ነው፤ አይታይም።"

"ለልጄ አማት ውሸት ልታበላ?"

"ወይኑ ወይን ነው፤ ታጥቧል። ማን ይሞታል?"

ከበሰበሰው ፍሬ ይልቅ ይሄ አቅለሸለሻት። ተንጠራርቶ፣ የምላሱን ጫፍ በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ትልቅ ቁም ነገር እንደያዘ ሰው ተመስጦ ይቋጥራል። ያቺ የምላሱ ጫፍ ዘገነነቻት። ልጇን አሰበችና ልትለው የነበረውን ዋጥ አደረገችው።

ነርሷ መጡና ከልጅቷ ጋር ከወይኑ ሐረግ ሥር በተዘረጋው ጠረጴዛ ተቀመጡ። ረጋ ያሉ፣ ጥፍራቸው ሥር አፈር ያልጠፋ ሴት ናቸው። ባልየው ክሩን በመዳፉ ሸፍኖ ዘለላውን ቆረጠና አቀረበላቸው።

"በገዛ እጄ ያሳደግሁት ነው፤ ይብሉልኝ!"

"አባዬ ከእኔ ይልቅ ወይኑን ነው የሚወደው" አለች ልጃቸው እየሳቀች።

ነርሷ ቀመሱና ቀና አሉ። "ቅጠሉ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?"

"አቧራ ነው! ጎረቤታችን ግንብ እያስለሰነ አስቸግሮናል።"

"እኔም እናቴ የተከሉልኝ ወይን አለኝ" አሉ ነርሷ። "ከዚህ አንድ ቅርንጫፍ ቢሰጡኝ ከጎኑ እተክለዋለሁ። ልጆቻችን ሲጋቡ ወይናችንም ይዛመድ።"

"አንድ ብቻ? የፈለጉትን ያህል! አንቺ፣ መቀሱን አምጪ እንጂ!"

መቀሱን አመጣች። ባሏ ጠቀሳት። የልብ ወዳጅ፣ የሥራ ሸሪክ እንደሚጠቅስ ዓይነት ጥቅሻ። መቀሱን ሳታቀብለው ወደ ነርሷ ዞረች።

"አይውሰዱት" አለች። "አቧራ አይደለም፤ በሽታ ነው። የእናትዎን ወይን ይጨርስብዎታል። የበሉትም ከገበያ የተገዛ ነው።"

ልጅቷ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

"ቀልደኛ ናት!" አለ ባልየው። ልብስ ሰፊዋ አንዱን ክር በመቀስ ቀጭ አደረገችው። ዘለላው ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አለ፤ አረንጓዴው ቋጠሮ አናቱ ላይ ነው።

ነርሷ ቋጠሮውን በጣታቸው ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ ተነሡ። "እጄን የት ልታጠብ? በሽታውን ይዤው እንዳልሄድ።"

ልጅቷ ቀና ብላ ማንንም ሳታይ ወደ ቧንቧው መራቻቸው። ባልየው ተጠግቶ በሚስቱ ጆሮ አንሾካሾከ።

"ልጅሽን አዋረድሻት። ሲመለሱ 'ስቀልድ ነው' በያቸው፤ ገና አልረፈደም።"

ትንፋሹ የወይን ጭማቂ ይሸታል። ራቅ አለችና ወንበሯን ከእሱ አጠገብ አነሣች፤ ጠረጴዛውን ዞራ ከነርሷ ባዶ ወንበር ጎን አስቀመጠችው። ተቀመጠችና እስኪመለሱ ጠበቀች።