ከምላስ ሥር

አያ ስመኘው ከቡሬ ወጣ ባለ ቀበሌ ጤና ጣቢያ ውስጥ ደረታቸውን ይዘው ተጋድመዋል። ልጃቸው ሰብሊ፣ ሕመሙ ሲነሳባቸው ሁልጊዜ ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጉትን የልብ ክኒን ወደ አፋቸው ብታስጠጋ ጥርሳቸውን ገጥመው እንቢ አሉ።

«አባየ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ እንጂ። ምን ሆነው ነው?»

ነርሷ ጠጋ አለች። «ሌላ የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ክኒኑን ያዘዘላቸው ሐኪም ከምን ጋር እንዳይወስዱት እንዳስጠነቀቃቸው አልረሱም። ግን ይህ በልጅ ፊት እንዴት ይነገራል?

በሩ አጠገብ የቆመችው ጥር ላይ ያገቧት ያምሮት ናት፤ በዕድሜ ከሰብሊ ታንሳለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

«ትናንት ማታ» አለች መሬት መሬት እያየች፣ «ወንድነት ያበረታል ተብለው ከፍኖተ ሰላም የገዙትን ክኒን ውጠዋል።»

ነርሷ የሰብሊን እጅ ቀልጠፍ ብላ ያዘች። «ተይው፣ እንዳታጎርሻቸው። ሁለቱ ከተገናኙ የደም ግፊታቸው ወርዶ ይሞታሉ።»

ሰብሊ አባቷን አየች፤ ከዚያም ያምሮትን አየች።

አያ ስመኘው ያን ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ።

«እንግዲህ ስጪኝ» አሉ።